ቂም በሜዳው መንገድ

ልሳነወርቅ የአውቶቡስ ሹፌር ናት። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ እኔ ከምኖርበት አንድ ፎቅ ከፍ ብላ ትኖራለች፤ ጠዋት ደንብ ልብሷን ለብሳ ስትወርድ የጫማዋን ድምፅ ከሌላው ሰው ሁሉ እለየዋለሁ። የደሴ ልጅ ናት። ቁመቷ ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ ቁጥብ። ሰው ሲያመሰግናት ታፍራለች፣ የበደላትን ግን አትረሳም። ይህንን እሷው ራሷ ነች የምትናገረው፤ እንደ ጉድለት አይደለም፣ «ግራኝ ነኝ» እንደሚል ሰው ነው የምታወራው።

አውቶቡሱን ትወደዋለች። የማትወደው መንገዱን ነው። ከኋላዋ ክላክስ የሚያደርግ አለ፣ ከፊቷ ዘው ብሎ ገብቶ ፍሬን የሚይዝ አለ፣ ቀይ መብራት ላይ መስኮቱን አውርዶ እናቷን የሚሰድብ አለ። ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው መልስ አይሰጥም። ዝም ብላ ወደ ፊት ታያለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ በሩን ትዘጋለች። «አምስት ቀን ሙሉ ስድብ እጠጣለሁ፤ ቅዳሜ ግን ማንም ክላክስ አያደርግብኝም» ትለኝ ነበር።

ቅዳሜ ሳይክል ትነዳለች።

ነገሩ የተጀመረው ሄርንደን ውስጥ በተደረገ ሰርግ ላይ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ከአንዲት ሲሐም ከምትባል ሴት ጋር አስቀመጧቸው። ሲሐም የሐረር ልጅ ናት፣ ከእኛ ወንዝ ተሻግሮ ባለችው አሌክሳንድሪያ ትኖራለች፣ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ ቀጭን ናት፣ ሳቂታ ናት። ልሳነወርቅ ኬኩን ገፋ አድርጋ፣ ሐኪም ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ መቀመጥ አብዝተሻል እንዳላት ስታወራ ሲሐም ሰማቻት።

«ሳይክል ንጂ» አለቻት።

«ሳይክል ነድቼ አላውቅም።»

«ይሄን የሚያክል አውቶቡስ እየነዳሽ?»

«አውቶቡስ አይወድቅማ!»

ሲሐም እስኪያማት ሳቀች። በሚቀጥለው ሳምንት አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ባለው የሳይክል መንገድ ላይ የራሷን ሳይክል ይዛ ጠበቀቻት። ልሳነወርቅ ያኔ አርባ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጉልበቷ ተላጠ፣ የክርኗ ቆዳ ተገፈፈ፣ ውሻ የሚያናፍሱ ፈረንጆች እየቆሙ አጨበጨቡላት። በጋው ሳያልቅ እጇን ከመሪው ላይ አንስታ አፍንጫዋን ማከክ ቻለች። ልጇ ሮሆቦት ቪዲዮ አንስታ ለዘመድ ሁሉ ላከችው። አንዳንዱ አጨበጨበ፣ አንዳንዱ «በዚህ ዕድሜዋ ምን ነካት» አለ። ልሳነወርቅ ማን ምን እንዳለ ታስታውሳለች።

ሲሐም አሜሪካ ከመምጣቷ በፊት እንግሊዝ አገር ኖራለች። ሎንዶን አይደለም፤ በምሥራቁ በኩል፣ ምድሩ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ባለበት ገጠር ነው። ካሮት አጥበው የሚያሽጉበት ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ የምትመላለሰውም በሳይክል ነው። «ድሮ ረግረግ ነበር አሉ፤ በቦይ እያፈሰሱ አደረቁት» ትላለች። «መንገዱ በቦዩ ጠርዝ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያኑ ከሩቅ ይታይሻል፣ ትነጂያለሽ፣ ትነጂያለሽ፣ አሁንም ሩቅ ነው። አንዳንድ ጠዋት አንድም መኪና ሳላይ ፋብሪካው እደርስ ነበር። ብቻዬን ነበርኩ፣ ቋንቋ አልነበረኝም፣ ሰውነቴ ካሮት ካሮት ይሸት ነበር። መንገዱ ላይ ግን ደስተኛ ነበርኩ።»

እንዲህ ያለ መንገድ እዚህ የለም ወይ ብላ ስትፈልግ አገኘችው፤ ባሕሩን ከሚያሻግረው ከቼሳፒክ ድልድይ ማዶ። ድልድዩን ተሻግሮ ከትልቁ አውራ ጎዳና ወረድ ሲሉ ምድሩ ጸጥ ይላል። በቆሎ ነው፣ አኩሪ አተር ነው፣ ረግረግ ነው። ሁለት መኪና ተጠንቅቆ የሚያስተላልፍ ጠባብ አስፋልት፣ በግራና በቀኝ ቦይ። ክረምት ሲገባ ዝይ ሜዳውን ይሞላዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይክሎቻቸውን የሲሐም መኪና ጀርባ ላይ አስረው ይሄዱ ጀመር።

«ዳገት የለም ብለሽ እንዳትዘናጊ» አለቻት ሲሐም መጀመሪያ ቀን። «እዚህ የሚፈትንሽ ነፋሱ ነው። ከኋላዬ ተጠጊ፣ እኔ ልከልልሽ፣ ሲደክመኝ አንቺ ትቀድሚያለሽ።»

በዚህ መልክ ተፈራርቀው፣ አንዷ ለሌላዋ ነፋስ እየከለለች ለዓመታት ነዱ። ብዙም አያወሩም ነበር። ልሳነወርቅ ስለዚያ መንገድ ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል። «የጎማዬን ድምፅ ነው የምሰማው፤ ሌላ ምንም የለም» ትላለች።

አደጋው የደረሰው ጥቅምት ውስጥ ነው። በቆሎው ታጭዶ ምድሩ ገላጣ ሆኗል፣ ነፋሱ ከፊት ነው። ሲሐም ሻሿ ላይ ሄልሜት ደፍታ፣ ቢጫ ሰደርያዋን ለብሳ ከፊት ነበረች፣ ልሳነወርቅ ከኋላ። ከአንዲት ትንሽ የእንጨት ድልድይ አለፍ እንዳሉ ከኋላ የመኪና ድምፅ ሰማች። አልደነገጠችም፤ በሰዓት አንድ ሁለት መኪና ያልፋል፣ አብዛኛው ሰው ራቅ ብሎ እጁን አንስቶ ነው የሚያልፈው።

ነጭ ፒክአፕ ነበር። እሷን አልፎ ሄደ፤ የጭነቱ ግድግዳ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ጣውላ ነው። በግራ በኩል መንገዱ ባዶ ነበር፣ እስከ ዓይን ዳርቻ አንድም መኪና አይመጣም። እሱ ግን መሪውን ወደ ቀኝ ሰበረው። ልሳነወርቅ ዕድሜዋን ሙሉ የነዳች ሴት ናት፤ ሹፌር ሲሳሳትና ሹፌር ሆን ብሎ ሲያደርግ ጎማው እንዴት እንደሚዞር ታውቃለች። የቀኙ ስፖኪዮ የሲሐምን ትከሻ መታ። ሲሐም ከነሳይክሏ ተነስታ ቦዩ ውስጥ ገባች።

ፒክአፑ ጥቂት ሄዶ የፍሬን መብራቱ በራ። ቆመ። ሰውየው ክንዱን በመስኮት አወጣና እጁን አወዛወዘ፤ ቻው እንደሚል ሰው። ከዚያ ሄደ።

ሲሐም ዳሌዋና የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል። አምቡላንስ እስኪመጣ ልሳነወርቅ ቦዩ ውስጥ ውሃው ጉልበቷ ድረስ እየደረሰ ጭንቅላቷን ደግፋ ያዘችላት። ሲሐም አልጮኸችም፤ ጥርሷ ብቻ ይንቀጫቀጭ ነበር።

የመጣው የአካባቢው ፖሊስ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። «ታርጋውን አየሽው?»

«በጭቃ ተለስኗል።»

«መልኩን?»

«እጁን ነው ያየሁት።»

ፖሊሱ እስክሪብቶውን ዘጋ። «እመቤቴ፣ ነጭ ፒክአፕ እዚህ አገር እንደ ዝይ ነው» አላት።

ልሳነወርቅ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነች። አውቶቡሱን ትነዳለች፣ ቀይ መብራት ላይ ትቆማለች፣ እዚያ ላይ እያለች ያ እጅ ይመጣባታል። በአእምሮዋ ትሰብረዋለች። ጣት በጣት ትሰብረዋለች። ቤቱን ታቃጥላለች፣ እሱን ቦዩ ውስጥ ታስተኛዋለች፣ ከላይ ቆማ ታየዋለች። አንድ ቀን ተሳፋሪ «እማማ፣ አረንጓዴ በራ» ብሎ ነቀነቃት።

ሲሐም አሌክሳንድሪያ ማገገሚያ ውስጥ ገብታ እንደ ሕፃን መራመድ ትለማመድ ነበር። ልሳነወርቅ ከሥራ እንደወጣች ወንዙን ተሻግራ እየሄደች ትጎበኛታለች፣ ሾርባ ታመጣላታለች፣ ጸጉሯን ታበጥርላታለች።

«ተይው ልሳነ» አለቻት ሲሐም አንድ ቀን ፊቷን አይታ። «እኔ ተርፌያለሁ። አላህ ያውቀዋል።»

«እኔም ልወቀው» አለች ልሳነወርቅ።

ፌርፋክስ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሄዳ የንስሐ አባቷን አባ ኪራኮስን አነጋገረች። አባ ኪራኮስ ሸምገል ያሉ፣ ጆሯቸው ትንሽ የደከመ፣ ልጆች ሲሮጡባቸው የማይቆጡ ካህን ናቸው።

«አባ፣ ሰው ልጎዳ አስቤያለሁ።»

«ማንን?»

«አላውቀውም። እየፈለግሁት ነው።»

ነገሩን ሁሉ ሰሙና «ልጄ፣ ይቅር በይና ዕረፊ» አሏት።

«ይቅርታ አልጠየቀኝም እኮ አባ። ቻው ነው ያለኝ።»

«እሱ ባይጠይቅም ይቅር ይባላል።»

«እግዜር ይቅር ይበለው፣ ለእሱ ይቀለዋል። እኔ አልችልም። ችያለሁ ብዬ ብነግርዎ ውሸት ይሆናል፤ ቤተ መቅደስ ቆሜ ልዋሽ?»

«እንግዲያው እጅሽ ደም እንዳይነካ» አሉና መስቀላቸውን ዘረጉላት። ተሳለመች። ይህንን ቃላቸውን ጠብቃለች፤ ሌላውን ግን አልጠበቀችም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዋን ትሄድ ነበር፤ በራሷ መኪና፣ ሳይክሏን ከኋላ ጭና። አውቶቡስ ነጂ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ሰው ያው ሰው ነው፣ ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ያንኑ አገር ዞረችው። የእርሻ ቤቶችን በር በር አየች፣ የቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያ አየች፣ የዓሣ ማጥመጃ የሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ቆማ ዋለች። እጇ በብርድ ሲደነዝዝ ብብቷ ውስጥ ታሞቀዋለች።

የፈረንጆች ገና ሊደርስ ሲል አገኘችው። መንገድ ዳር የጥድ ዛፍና ፍልጥ እንጨት የሚሸጥበት ዳስ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ «የሮስኮ ማገዶ» ይላል። ከዳሱ ጀርባ ነጭ ፒክአፕ ቆሟል፣ የጭነቱ ግድግዳ አረንጓዴ ጣውላ። ዞራ በቀኝ በኩል መጣች። የግራው ስፖኪዮ አሮጌና ነጭ ነው፤ የቀኙ አዲስና ጥቁር ነው።

ከዳሱ ውስጥ አንድ ሰው ወጣ፤ አምሳን ያለፈ፣ ጉንጩ በብርድ የቀላ፣ ደስ የሚል ፈገግታ ያለው። በጣም ያናደዳት ይህ ፈገግታው ነው። ጭራቅ ቢሆን ይቀላት ነበር።

«ፍልጥ ነው ዛፍ?» አላት።

«ፍልጥ» አለች። ምድጃ እንኳ የላትም።

ተሸክሞ መኪናዋ ድረስ ወሰደላት። ከኋላ ሳይክሏን ሲያይ ከንፈሩን ጠመም አደረገ። «ያንቺ ነው? እዚህ አካባቢ አትንጂው የኔ እመቤት። ይሄ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች መንገድ ነው።» ክዳኑን ዘግቶ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው። ያ እጅ ነው። ልሳነወርቅ አመሰግናለሁ አለችና ታርጋውን በቃሏ ይዛ ሄደች። የፍልጡ ጥቅል ቤቷ በረንዳ ላይ ክረምቱን ከረመ፤ እየሄደች ታየዋለች።

ታርጋውን ለፖሊሱ ሰጠችው። ፖሊሱ ሄዶ ሰውየውን ጠየቀው። ሰውየው ስፖኪዮዬን የሰበረው አጋዘን ነው አለ። ፖሊሱ ደውሎ ይህንኑ ነገራት። «ስፖኪዮ የቀየረ ሁሉ አይታሰርም» አላት።

«አጋዘኗ ስሟ ሲሐም ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

ያን ሳምንት አንድ ካርቶን ምስማር ገዛች። እሑድ ሮስኮ ከሚስቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አረጋግጣ ቤቱ መግቢያ ላይ መኪናዋን አቁማ ወረደች። ጠጠሩ ላይ ቆማ ምስማሩን በእጇ ሙሉ ዘገነች። ዘርታው ልትሄድ ነበር። ያቆማት ርኅራኄ አይደለም፤ ይህንን ለእኔ ስትነግረኝ እንዳልሳሳት አስጠንቅቃኛለች። ያቆማት ንቀት ነው። «ጎማ እኮ ይለወጣል» አለችኝ። «ግማሽ ቀን ተናዶ አዲስ ጎማ ያስገባል። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ቅዳሜ በብርድ የዞርኩት? ማን እንዳደረገው እንኳ አያውቅም። እኔ መሆኔን እንዲያውቅ ፈልጌያለሁ።» ምስማሩን ወደ ካርቶኑ መልሳ ወደ ቤቷ ነዳች።

በረዶው እንደቀለጠ ሁለት ትናንሽ ካሜራዎች ገዛች። አንዱን መሪው ላይ፣ አንዱን ከኮርቻው ሥር አሰረችው። የሲሐምን ዕቃ ከሆስፒታል ስታወጣ እሷ ቤት የቀረውን ቢጫ ሰደርያ አጠበችና ለበሰችው። ሮስኮ ቅዳሜ ጠዋት እንጨት ጭኖ በዚያ መንገድ እንደሚያልፍ ደርሳበታለች። እሷም በዚያ ሰዓት እዚያ መንገድ ላይ መገኘት ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ ከመስመሩ መሃል፣ ሕግ በሚፈቅድላት ቦታ። ማጥመጃው ላይ ራሷን ሰካችው።

መጀመሪያ ጊዜ ሰፋ አድርጎ አለፋት። ቀጥሎ ሲያገኛት ክላክሱን ተጭኖ እስኪያልፍ አልለቀቀም። ከዚያ በኋላ ደግሞ የመኪናው ነፋስ ክንዷን እስኪገፋው ተጠግቶ አለፈ። እሷ ግን ፔዳሉን መርገጥ አታቆምም። ቤት ስትገባ ቪዲዮውን ደጋግማ ታያለች፤ «አልበቃም» ትላለች፤ በሳምንቱ ትመለሳለች።

ሮሆቦት አንድ ቀን እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ ስትሆን ላፕቶፑ ላይ ቪዲዮውን አየችው። «ማሚ፣ አር ዩ ክሬዚ?» ብላ ጮኸች። «ሊገድልሽ ነው!»

«እንዳይገድለኝ መንገዱን አውቃለሁ» አለች ልሳነወርቅ ሽንኩርቷን እየከተፈች። «አንዴ ብቻ አፉን እንዲከፍት ነው የምፈልገው።»

ከፋሲካ በኋላ ባለ ቅዳሜ አፉን ከፈተ። ነፋስ የለም፣ ሜዳው አረንጓዴ ሆኗል፣ ሰማዩ ሰፊ ነው። ፒክአፑ ከኋላዋ መጣና ጎን ለጎን እኩል እየሄደ የቀኙን መስኮት አወረደው። ሮስኮ አጎንብሶ አያት። የክረምቷን እንጨት ገዥ አላስታወሳትም፤ ሄልሜትና መነጽር ነው ያየው።

«አሁንም አንቺ ነሽ?» አለ። «ጓደኛሽን ያየሽ መስሎኝ ነበር። አልበቃሽም?»

ልሳነወርቅ ቋንቋ የማይገባት መሰለች። «ምን ጓደኛ?»

«ቦዩ ውስጥ የገባችው! ከእንጨቱ ድልድይ አለፍ ብሎ። ሻሽ ያሰረችው።»

«አንተ ነህ?» አለችው እንደ ተገረመ ልጅ።

«ታዲያ ማን መሰለሽ፣ በተረት የልጆችን ጥርስ የምትወስደዋ መልአክ?» አለና ሳቀ። ከዚያ መሪውን ወደ እሷ ሰበረው።

ይህንን ትጠብቀው ነበር። ፍሬን ያዘች፣ እግሯን አወረደች፣ ሳይክሉን ወደ ሣሩ ገፋችው። ጥቁሩ ስፖኪዮ ትከሻዋን ቧጥጦ አለፈ። አልወደቀችም። ፒክአፑ አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ልሳነወርቅ ቦዩ ጠርዝ ሣሩ ላይ ተቀመጠችና መሪው ላይ ያለችውን የካሜራዋን ቀይ መብራት አየች፤ በርታለች፣ እየቀዳች ነው። ያኔ ሳቅ መጣባት። ብቻዋን፣ በዚያ ሁሉ ሜዳ መሃል፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በሕይወቴ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ትላለች።

በዚህ ጊዜ ወደ ወጣቱ ፖሊስ አልሄደችም፤ ቀጥታ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ሄዳ ቪዲዮውን አስቀመጠችላቸው። ሮስኮን በዚያው ሳምንት ዳሱ ውስጥ ያዙት።

ደስታዋን ይዛ ወደ ሲሐም በረረች። ሲሐም ያኔ ወደ ቤቷ ተመልሳለች፣ በከዘራ ትሄዳለች። ልሳነወርቅ ቪዲዮውን ከፈተችላት። ሲሐም እስከ መጨረሻው አየችውና ስልኩን በግልባጩ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

«የኔን ሰደርያ ለብሰሽ?»

«እንዲያስታውስ ብዬ ነው።»

«ብትሞቺስ? ሮሆቦትን እኔ ምን እላታለሁ? እናትሽ በእኔ የተነሳ ሞተች ልበላት?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ተይው አልኩሽ። እኔ ነኝ የተሰበርኩት፣ እኔ ነኝ ተይው ያልኩት። ይሄ ለእኔ አይደለም ልሳነ። ይሄ ለራስሽ ነው።»

«ለእኔም ነው» አለች ልሳነወርቅ። «እኔም እዚያው ነበርኩ።»

«ሂጂልኝ።»

ልሳነወርቅ ወጣች። በጋው አለፈ፣ አንዷም አልደወለችም። ልሳነወርቅ አውቶቡሷን ነዳች። አንዳንድ ቀን ደረጃው ላይ ሳገኛት «ሲሐም ምን ሆነች?» እላታለሁ። «ደህና ናት አሉ» ትለኛለች፤ ከማን እንደሰማች አትነግረኝም።

የፍርዱ ቀን መኸር ላይ ደረሰ። እኔና ሮሆቦት አብረናት ሄድን። ትንሽ የገጠር ፍርድ ቤት ነው፣ ወለሉ ሲረገጥ ይንቋቋል። ሲሐም ቃሏን በጽሑፍ ልካለች፣ ራሷ አልመጣችም፤ ፊቱን ማየት አልፈልግም ብላለች። ዳኛዋ ነጭ ጸጉር ያላት ሴት ናት። ቪዲዮው ሲከፈት አዳራሹ ውስጥ የሮስኮ ሳቅ ተሰማ። ከፊቴ የተቀመጡት የአገሩ ሰዎች አንገታቸውን ሲደፉ አየሁ።

ጠበቃው ደምበኛዬ ተጸጽቷል አለ። ሮስኮ ተነስቶ ወደ ልሳነወርቅ ዞረ። «እናዝናለን… አዝናለሁ» አለ፤ «ማንም እንዲጎዳ አልፈለግሁም።»

ዳኛዋ የምትናገሪው አለ ወይ ብላ ልሳነወርቅን ጠየቀቻት። አስተርጓሚ ተቀምጦ ነበር፤ አልፈልግም አለች። ደንብ ልብሷን ለብሳ ነው የሄደችው። ቆመች።

«እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ» አለች። «መሪ እንዴት እንደሚዞር አውቃለሁ። እሱ መሪውን አዞረ፣ ቆመ፣ ጓደኛዬን አየ፣ ቻው አለን። ይቅርታውን አልቀበልም። ይቅርታ የጠየቀው ስለተያዘ ነው። ከመሪ ጀርባ ዳግም እንዳይቀመጥ እፈልጋለሁ። ይኼው ነው።»

ዳኛዋ እስራት ፈረደችበት፤ መንጃ ፈቃዱንም ነጠቀችው። ካቴናው ሲገባለት ልሳነወርቅ ፊቷን አላዞረችም። አንገቷን አስግጋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ወደ መስኮቱ ነው ያየሁት።

ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ ጠበቀቻት። አጭር፣ የደከመች ሴት ናት። «ዛፉ የሚሸጥበት ወቅት እየመጣ ነው» አለቻት። «እኔ ፒክአፕ አልነዳም። አሁን ማን ነው እንጨቱን የሚያደርስልኝ?»

«እሱን ጠይቂው» አለቻትና አለፈች።

ሮሆቦት ዞር ብላ ሴትዮዋን አየቻት፣ ልሳነወርቅ ግን አልዞረችም። መኪናው ጋ ስንደርስ ሳይክሏን አወረደች። «እናንተ ምሳ ብሉ» አለችን። በደንብ ልብሷ፣ በሥራ ጫማዋ ያንን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነዳችው። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ነፋሱ ነው አለችን። አልጠየቅናትም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሰላም አግኝታለች ብዬ ነበር የማስበው፤ ግማሹ እውነት ነበር። መንገድ ላይ ሲሰድቧት እንደ ድሮው ዝም ትላለች፣ አሁን ግን አንዳንዴ ፈገግ ትላለች፤ ይህ ደግሞ ተሳዳቢዎቹን ይበልጥ ያናድዳል። ቅዳሜ ብቻዋን ትነዳለች። ነፋስ የሚከልልላት ሰው ስለሌለ ቶሎ ይደክማታል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ሻይ እየጠጣች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ስሙን አየች። እንድሰማላት ብላ ይሁን ረስታው አላውቅም፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ አነሳችው።

«ልሳነ» አለች ሲሐም።

«ወዬ።»

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ዳሌሽስ?»

«ብርድ ሲሆን ያመኛል። አልታረቅኩሽም» አለች ሲሐም።

«እሺ።»

«ያደረግሽው ዕብደት ነው። እስክሞት ዕብደት ነው እልሻለሁ።»

«እሺ አልኩሽ።»

ከወዲያ በኩል ቲቪ ይሰማል፣ ከዚያ ተዘጋ። ሲሐም ድምፅዋን ዝቅ አደረገችው፤ ሰው እንዳይሰማት የፈራች ትመስላለች።

«ያን ቀን… ፍርዱ ሲነበብለት» አለች። «ፊቱ እንዴት ሆነ?»

ልሳነወርቅ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች፣ ወንበሯን አስጠጋች፣ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«መጀመሪያ አላመነም» አለች። «ጠበቃውን አየው። ከዚያ ከንፈሩ ሥር ሥሩ ነጣ። ካቴናው ቀጭ ሲል ደግሞ አፉ ተከፈተ፣ እንደ ዓሣ።»

«እንደ ዓሣ?»

«ወላሂ ልበልሽ? እንደ ዓሣ።»

ከወዲያ በኩል ሲሐም መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በሙሉ ድምፅዋ ሳቀች፤ ዳሌዋን አሟት «ውይ፣ ውይ» እያለች ሳቀች።

«ድገሚልኝ» አለች። «ከመጀመሪያው ጀምሪና፣ ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ።»